በረዶው እስኪናገር

ለሕፃኗ ለትሁን የሰጠኋት ክትባት፣ ብልቃጡ ከሳጥኑ ውስጥ የት ጋ ነበር? መሀል ወይስ ጥግ?

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልሁም። ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ላሊበላ ውስጥ ባለችኝ ሁለት ክፍል ቤት መጻሕፍቴን ደርድሬ፣ ጠዋት ጠዋት ደጃፌ ላይ ወንበር አውጥቼ ፀሐይ እየሞቅሁ አነባለሁ። የሚያልፍ ሰው «እንኳን ከዚያ ዳገት ተገላገልሽ» ይለኛል፤ እኔም «እሰይ» እለዋለሁ። ገጽ ስገልጥ ግን ጥያቄዋ ከመስመር መሀል ብቅ ትላለች። ብልቃጡ ተቃጥሎ አመዱ ከተቀበረ ስንት ዘመኑ ነው፤ መልስ አይገኝላትም። እንዴት ጥያቄ ሆና እንደ ቀረች ግን ጽፌ ማስቀመጥ እችላለሁ።

ትምህርት የጀመርሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ፤ ወንዶቹን ልጆቻቸውን አስተማሩ፣ እኔን ዳሩኝ። ትዳሩ በሦስት ዓመቱ ሲፈርስ አክስቴ ቤት ተጠግቼ አንደኛ ክፍል ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ተማሪ የፊት ጥርሱ ወልቆ ገና አልበቀለለትም ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ጠባይ አለው፤ የተጻፈ ነገር ያምናል። የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን በእንግሊዝኛ በደቃቅ ፊደል የታተመ ወረቀት ሌላው ሠራተኛ ሲጥለው፣ እኔ አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ። ቤቴ ገብቼ መዝገበ ቃላት ይዤ ቃል በቃል እፈታዋለሁ። ባልደረቦቼ በዚህ ጠባዬ «የኔታ» የሚል ስም አወጡልኝ።

መጀመሪያ የተመደብሁት ኮን ከተማ ነው፤ ጤና ረዳት ሆኜ። ኃላፊያችን የጽሕፈት ነገር የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ስርዝ ድልዝ ያለበትን ሪፖርት ሳያነቡ ይመልሳሉ። እኔና እሳቸው ተስማማን። ከኮን ያተረፍሁት የመዝገብ አያያዝ ነው፤ ደመወዙ ስንት እንደ ነበር እንኳ ዛሬ አላስታውስም። ከዚያ ወደ ላስታ ተዛወርሁ፤ ከአቡነ ዮሴፍ ጋራ ሥር ወዳለች አንዲት ጤና ጣቢያ። ስሟን አልጽፈውም። ዛሬ እዚያ ያሉት ወጣት ሠራተኞች በእኔ ጥፋት ስማቸው እንዲነሣ አልፈልግም።

እዚያ ነው ጋሽ ተገኘን ያገኘሁት። የሕክምና ረዳት ድሬሰር ከሚባልበት ዘመን የተረፉ ሰው ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከነጭ ካፖርታቸው በላይ ጋቢ የሚደርቡ። በወጣትነታቸው ፈንጣጣን ለማጥፋት በየገደሉ ዞረዋል። እንግሊዝኛ አያነቡም። ክትባት የሚሰጡት ግን እሳቸው ናቸው፤ እኔም እሳቸው ሥር ተመደብሁ።

ለመንደር ክትባት በምንወጣበት ቀን ንጋት ላይ ይገባሉ። በላምባ ከሚሠራው ፍሪጅ አራት አይስ ፓክ ያወጣሉ። አይስ ፓክ የምንለው ውኃ ሞልተን የምናበርደውን ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ነው፤ በትከሻ በምናንጠለጥላት ሰማያዊ ሳጥን አራት ግድግዳ ላይ ይደረደርና ክትባቱ መሀሉ ይገባል። ጋሽ ተገኘ ግን ወዲያው አይደረድሩትም። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ያነጥፋሉ፤ አራቱንም እርስ በርስ ሳይነኩ ያጋድሟቸዋል። ከዚያ ከካፖርታቸው ኪስ ዳዊታቸውን አውጥተው ይቀመጣሉ፤ ይደግማሉ። በረዶው መጀመሪያ ነጭ ውርጭ ይለብሳል፤ ቀስ ብሎ ያልበዋል። እሳቸው ከመዝሙሩ መሀል ቆም ይሉና አንዱን አንሥተው ጆሯቸው ሥር ይነቀንቁታል።

«ገና ነው። አልተናገረም።» ወደ ዳዊታቸው ይመለሳሉ።

እኔ በር ላይ ቆሜ እቁነጠነጣለሁ። «ጋሽ ተገኘ፣ ፀሐይ ወጣች እኮ!»

«ትውጣ። ሥራዋ ነው።»

«በረዶው እየቀለጠ ነው!»

«እኔስ ምን የምጠብቅ መሰለሽ?»

«ለመሆኑ ሲናገር ምን ይልዎታል?»

«‹ቁጣዬ በርዷል፣ አሁን ውሰደኝ› ይለኛል።»

ዘበኛው ከውጭ ሆኖ ይስቃል፤ «ዛሬ መቶ ሃምሳውንም ሊጨርሱት ነው! የአስታ አፋፍ መንደር ልጆች አድገው ክትባቱን ከነሚዜዎቻቸው ሊወስዱት ነው!»

በኋላ ከአራቱ በየተራ «ቦጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። «ተናገረ፤ እንሂድ» ብለው ይነሣሉ። አራት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ አንድ ቀን እንኳ ሳይናገር ወጥተው አያውቁም። እኔ ጸሎት ነው ብዬ አመንሁ። በእኛ አገር ዳዊት የያዘን ሰው ምን ታደርጋለህ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሌላም ሥራ ከእሳቸው ተምሬያለሁ። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው፤ እስከዚያ እናትና ልጅ ከቤት አይወጡም። መመሪያው ደግሞ የመጀመሪያው ዙር በስድስት ሳምንት ይሰጥ ይላል። ወንዱ ለጥቂት ይደርሳል፤ ሴቷ ከአንድ ወር በላይ ትዘገያለች። ጋሽ ተገኘ ይህን ከካህናት ጋር አይከራከሩበትም። የአራስ ቤቶችን ዝርዝር ከእነሱው ይለምኑና ከደጃፍ ይቆማሉ፤ እናቲቱ ልጇን ታቅፋ እስከ መድረኩ ትመጣለች፤ እሳቸው ውጭ ሆነው ይወጋሉ። አንድ ቄስ «ሰማንያዋ ሳይሞላ አታወጧትም» ቢሏቸው፣ «እኔ አላወጣትም አባ፤ መርፌዬ ነው የሚገባላት» ሲሉ ቄሱ ራሳቸው ሳቁ።

ከወጉ በኋላ አራት ነገር ሳይናገሩ ከእናት አይለዩም፤ የወጉት ለምን እንደሆነ፣ ዛሬና ነገ ትኩሳት ሊኖር እንደሚችል፣ መቼ እንደምትመለስ፣ ካርዱን እንዳትጥል። አራተኛውን ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ይሉታል።

ጡረታ ሲወጡ የፍሪጁን ቁልፍ እጄ ላይ አኖሩና «በረዶው ሳይናገር አትሂጂ» አሉኝ። ጉልበታቸውን ስሜ «እሺ» አልሁ። የስንብት ጨዋታ መሰለኝ።

የክትባቱ ኃላፊ እኔ ሆንሁ። በመጀመሪያው የመንደር ቀን በረዶው ጠረጴዛ ላይ ሲያልበው አየሁና ልቤ አልቻለም። ዳዊቴን መንገድ ላይ መድገም እችላለሁ፤ ክትባቱን ግን ሙቀት ይገድለዋል። በየሥልጠናው የሰማነው ይህንኑ ነው። በእያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ አንዲት ምልክት አለች፤ በክብ ውስጥ ነጭ አራት ማዕዘን። ሙቀት ሲያገኘው ነጩ ይጠቁራል፤ ከጠቆረ ይጣላል። ይቺን ምልክት እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምጠብቃት። ሰውዬው በጸሎት ምክንያት ያን ሁሉ ብርድ ሲያባክኑ ኖሩ ብዬ ደመደምሁ፤ በረዶውን እንደ ድንጋይ እንደ ደረቀ ከፍሪጅ ወደ ሳጥን ገለበጥሁት።

የክትባቱን ወረቀት አላነበብሁም እንዳልል አንብቤዋለሁ። «በረዶ አይንካው» የሚለውን መስመር በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበታለሁ። ትርጉሙን ግን ለፍሪጁ ሰጠሁት፤ ብልቃጥ ከበረዶ ማውጫው ክፍል አላስገባም፣ አለቀ። በሳጥኑ ጥግ ከደረቅ በረዶ ጋር ተጣብቆ፣ በዚያ ውርጭ ሦስት ሰዓት የሚጓዘው ብልቃጥ በሐሳቤም አልመጣ።

ከመንደር ስመለስ በረዶው እንደ ወጣ ይገባል። ለቁጥጥር የመጡ ሰው አንሥተው መዘኑትና «እንዲህ ያለ ብርድ አያያዝ የትም አላየሁም» አሉኝ። ያን ቀን በደስታ እራት አልበላሁም።

አስታ አፋፍ ከይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ ተገንጥሎ ሽቅብ የሚኬድባት መንደር ናት። ብርቄ የምትባል ወጣት ሴት እዚያ ነበረች። ሁለት ልጆች ቀብራ ሦስተኛዋን ሴት ስትወልድ «ትሁን» አለቻት። አማቷ እማማ ጥሩ አብረዋት ይኖራሉ። እንደ ጋሽ ተገኘ ከደጃፍ ቆሜ ልወጋት ብለምን አሮጊቷ በመቋሚያቸው መድረኩን ዘጉት።

«ሰማንያዋ ይሙላ። ሁለት ቀብረናል፤ ሥርዓት አፍርሰን ሦስተኛ አንቀብርም።»

ሰማንያዋ ሞላ፤ በክርስትናዋ ሳምንት የመጀመሪያውን ወጋኋት። በወሩ ብርቄ ከሁሉ ቀድማ መጥታ ሁለተኛውን አስወጋቻት። በግራ ጭኗ ነው፤ ልጅቷ አንድ ጊዜ ጮኸችና ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ የካፖርቴን ቁልፍ ያዘች። ለሦስተኛው ዙር ስሄድ ብርቄ የለችም፤ አባቷ ሞተው ለቅሶ ወርዳለች። በሚቀጥለው ወር አገኛታለሁ ብዬ መዝገቤ ላይ በእርሳስ ጻፍሁ።

በሚቀጥለው ወር መንደሯን ትክትክ ገባባት፤ ያ ክትባት ከሚከላከላቸው በሽታዎች አንዱ። ትንንሾቹን መረጠ። ጥሪ ደርሶኝ ስወጣ ትሁን ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር።

ለቀስተኛው ጥግ ጥግ ይዟል። ብርቄ ካርዱን በጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። «ሁለት ጊዜ አስወግቻታለሁ፤ ይኸው ፊርማሽ። ምን አጎደልሁ?» አለችኝ።

ሳልመልስ እማማ ጥሩ ቀደሙኝ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እውነቱን ንገሪን። ሦስተኛው ቀርቶባት ነው?»

እውነቱን ነገርኋቸው። «ሦስተኛው ቀርቶባታል» አልሁ።

አሮጊቷ ወደ ብርቄ ዞሩ። «ሰማሽ?» አሉ። ቤቱ ሙሉ ሰው ሰማ።

ከአራት ወር በኋላ ወልድያ ለሥልጠና ተጠራን፤ የክትባት አያያዝ መመሪያ ተሻሽሏል ተብሎ። የሚያሠለጥነን ጎልማሳ ሁለት ብልቃጥ ይዞ መጣ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ነው፤ አንደኛው በረዶ ሆኖ የቀለጠ ነው። ነቀነቃቸውና ጠረጴዛ ላይ አኖራቸው። ደህናው እንደ ቀጭን አጓት ደፍርሶ ቆየ። በረዶ የመታው ትንሽ ቆይቶ መለየት ጀመረ፤ ነጩ እንደ ዱቄት ወደ ታች ዘቀጠ፣ ከላይ ጥርት ያለ ውኃ ቀረ።

«ይህን ብትወጉት ልጁን አይጎዳውም» አለ፤ «አይጠቅመውምም። በብልቃጡ ላይ ያለችው ምልክት ሙቀትን እንጂ ብርድን አትነግራችሁም። ስለዚህ አይስ ፓኩን ከፍሪጅ አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ታጋድሙታላችሁ። ጆሯችሁ ጋ ስትነቀንቁት የውኃ ድምፅ እስክትሰሙ ሳጥን ውስጥ አታስገቡትም።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። አጠገቤ የተቀመጠችው ባልደረባዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። «የኔታ፣ ምነው ዛሬ? ጻፊ እንጂ፤ እኔ ካንቺ ነው የምገለብጠው!»

የተነጠፈው ጨርቅ ታየኝ፤ የሚያልበው በረዶ፤ ዳዊቱ።

ስመለስ ፍሪጁን ከፈትሁ። መንደር ደርሶ የተመለሰውን ብልቃጥ በእስክሪብቶ ምልክት የማድረግ ልማድ ነበረኝ፤ በጥንቃቄዬ የምኮራበት። ምልክት ያላቸው አራት ብልቃጦች አገኘሁ። አንድ ሌላ ብልቃጥ ሆን ብዬ በረዶ አደረግሁና አቀለጥሁ፤ ለማነጻጸሪያ። አምስቱንም ነቀነቅሁና መስኮቱ ሥር ደረደርኋቸው፤ ወንበር ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥሁ። ከአራቱ ሦስቱ ዘቀጡ። አንዱ ደፍርሶ ቀረ። መሀል የነበረው እሱ መሆን አለበት።

ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ብልቃጦቹን አሳየኋቸው። ቆጣ አላሉም፤ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አንሥተው አዩና «ልጆቹን እንደገና ክተቢ። ሁሉንም። ለሕዝቡ ግን ‹የመመሪያ ለውጥ ነው› በዪ። በረዶ መታው ካልሽ ነገ መርፌ ይዘሽ ስትመጪ በር የሚከፍትልሽ የለም» አሉኝ። ትክክል መሰለኝ። ዛሬም ግማሹ ትክክል ይመስለኛል።

መዝገቤን ይዤ መንደር ለመንደር ዞርሁ። የውሎ አበሉ እስኪጸድቅ አልጠበቅሁም። ሰዉ ያጉረመርማል፤ «መመሪያችሁ የሐምሌ ሰማይ ነው፤ ጠዋት ሌላ ከሰዓት ሌላ!» ይላል አንዱ። «ልጆቻችን ወንፊት ሆኑ እኮ!» ይላል ሌላው። አስታ አፋፍ ስደርስ እናቶቹ ጭራሽ አንመጣም አሉ። ሳጥኔን ይዤ ዛፍ ሥር ስቀመጥ ብርቄ ከቤቷ ወጣች። ባዶ እጇን ነበረች፤ የምታስወጋው ልጅ አልነበራትም። በየደጁ እየቆመች ተጣራች።

«ወጊዋ መጥታለች፤ ልጆቻችሁን አምጡ! በእኔ የደረሰውን አይታችኋል። አንዱ ቀርቶብኝ ነው ልጄን ያጣሁት። አምጡ!»

መጡ። በአንድ ጠዋት መንደሩን ጨረስሁ። በረዶዬ ሲናገር ሰምቼ ነበር የወጣሁት፤ ክትባቱ ደህና ነበር። ብርቄ ቆማ ስታሰልፍልኝ እኔ ቀና ብዬ አላየኋትም።

ያን ሰሞን ጋሽ ተገኘን ልጠይቅ ነአኩቶ ለአብ ሄድሁ። ከዋሻው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከእኅታቸው ልጅ ጋር ይኖራሉ። ከዋሻው ጣሪያ ጠበሉ ጠብ ጠብ ከሚልበት አቅራቢያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነበር። ሁሉን ልነግራቸው ነው የሄድሁት።

«እህ፣ በረዶው ይናገራል?» አሉኝ ገና ወሬ ሳልጀምር።

«ይናገራል፣ ጋሽ ተገኘ።»

«ጎበዝ።»

«እኔ ግን… የሚጠብቁት ለጸሎት ይመስለኝ ነበር።»

ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። «ጸሎቴንማ ቤቴ ነው የማደርሰው! የእጅ ሰዓት አልነበረኝም፣ አንቺ። አንድ ጊዜ ብልቃጥ እንደ ተበላሸ ወተት ተቆራርጦ አየሁ፤ ከበረዶው ጋር የተጣበቀው ብቻ። ማንም አላስተማረኝም። ከዚያ በኋላ በረዶው እስኪለዝብ ስንት መዝሙር እንደሚፈጅ ቆጠርሁ። በሙቀቱ ወራት አምስት። በኅዳር ውርጭ ሰባት፣ አንዳንዴም ስምንት።»

«ለምን እንዲህ ብለው አልነገሩኝም?»

«ነገርሁሽ እኮ» አሉ፤ ሳቁን ትተው። «የሰማሽኝ መስሎኝ ነበር። አንቺ አንባቢ ነሽ፤ እኔ ላንቺ ምን አስረዳለሁ?»

ስለ ትሁን ሳልነግራቸው ተነሣሁ። ጠበሉ ጠብ ይላል። መርቀው ሸኙኝ። በሚቀጥለው ጾም አረፉ።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት ሠራሁ፤ በደንብ ሠራሁ። በማታ ትምህርት ነርስ ሆንሁ። የሳንባ ምች ክትባት መጣ፣ የተቅማጡ ጠብታ መጣ፣ ለኩፍኝ ሁለተኛ ዙር ተጨመረ። በእያንዳንዱ የመመሪያ ደብዳቤ ላይ «ከዚህ በፊት የነበረው ተሽሯል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። የተሻረው በማን ገላ ላይ ሲሠራ እንደ ኖረ ግን አይጽፍም። ለአዳዲስ ሠራተኞች በረዶን በጆሮ ማዳመጥ አስተምሬያለሁ። አንዳንዶቹ ስለ እኔ «ደግሞ የበረዶው ጸሎት ጀመራት» ይሉ እንደ ነበር አውቃለሁ። እኔ ግን ምክንያቱን በቃል አስረዳኋቸው፤ ጽፌም ፍሪጁ ላይ ለጠፍሁት። አሁን ክትባቱን በረዶ የማያስመታ አዲስ ዓይነት ሳጥን መጥቷል አሉ። እሰየው ነው።

ስለ ትሁን ግን ለማንም አልተናገርሁም። ሰው ከክትባት ይሸሻል እል ነበር፤ ለብርቄም ቁስሏን መቀስቀስ ይሆናል እል ነበር። ብርቄ በኋላ የወለደቻቸውን ልጆች ሰማንያ ቀን ሳትጠብቅ፣ ከአማቷ ጋር ተጣልታ፣ አንድ ዙር ሳታጎድል አስከተበች። ይህም ጥሩ ሆነ እል ነበር። ሰው ለዝምታው ምክንያት አያጣም። ብልቃጡ መሀል የነበረ እንደሆነስ? ሴቷ ዘግይታ ስለ ጀመረች እንደሆነስ? ደግሞም ክትባቱ ደህና ሆኖ እንኳ የማይዘው ልጅ አለ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። አንድ ላይ ሲደመር ግን መደበቂያ ሆነኝ።

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ፣ አንድ የቅዳሜ ገበያ ቀን፣ ደጃፌ ተቀምጬ ሳነብ ብርቄ ከፊቴ ቆመች። ፀጉሯ ከግንባሯ በኩል ሸብቷል። አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናትን ልጇን በእጇ ይዛለች። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረሰችም።

«ሲስተር፣ ትምህርት ቤት የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ነው ብለው ወጓት። አንድ ጊዜ። ሌላው መቼ ነው ብላቸው የለም አሉኝ። የጎረቤቴ ልጅ ያኔ ሁለት ጊዜ ነው የተወጋችው! ረስተዋት ይሆን? ደብቀውኝ ይሆን?»

«አልረሷትም። ቀድሞ ሁለት ነበር፤ አሁን አንዱ እንደሚበቃ ተረጋግጦ መመሪያው ተለወጠ።»

«የመመሪያ ለውጥ» አለች ቀስ ብላ። ፊቷ አልተፈታም። «እንዳታባብዪኝ እታለም። የቀረባት ካለ ዛሬውኑ ንገሪኝ። ዳግመኛ በእኔ ጥፋት አንድ ነገር ቢሆን አልችልም።»

መጽሐፉን ዘጋሁ። ልጅቷን ውኃ ጠጪ ብዬ ወደ ውስጥ ሰደድኋትና ብርቄን ወንበሬ ላይ አስቀመጥኋት። እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። ከጋሽ ተገኘ ጀምሬ ነገርኋት፤ ስለ በረዶው፣ ስለ ወልድያ፣ መስኮቱ ሥር ስለ ደረደርኋቸው ብልቃጦች። የማላውቀውንም አላውቅም አልኋት።

ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ እየጠቀለለች ሰማችኝ። «እንደገና የወጋሻቸው ልጆች… ለዚህ ነበር?»

«ለዚህ ነበር።»

«እኔ ነበርሁ የጠራሁልሽ።»

«አንቺ ነበርሽ።»

«በየደጁ ቆሜ ልጄን ገደልኋት ብዬ።»

«አዎ።»

አላለቀሰችም። አልረገመችኝም፤ ብትረግመኝ ይቀለኝ ነበር። የነጠላዋን ጫፍ ከጣቷ ፈታችና «እንግዲያ የእኔ ላይሆን ይችላል?» አለች።

«ላይሆን ይችላል።»

ተነሣች። ነጠላዋን አጣፋች፤ ልጇን ጠራች። የምትሄድ መስሎኝ ስነሣ ዞር አለችና «ጫማሽን አጥብቂ» አለችኝ። «ለእኔ አይደለም መንገር ያለብሽ። አሮጊቷ አሉ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ በተጣላን ቁጥር ‹ሦስተኛውን ያስቀረሽ› እያሉ ነው የሚጠሩኝ። እሳቸው ሳይሞቱ ንገሪልኝ።»

ከገበያተኛው ጋር ወጣን። ጉልበቴ ዳገቱን ረስቶታል፤ ልጅቷ ቦርሳዬን ያዘችልኝ፤ ብርቄ መንገዱን ሙሉ ከፊት ከፊት ሄደች። አስታ አፋፍ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ጎረቤቶቿ ከቤቷ ፊት ካለው አውድማ ላይ ገብስ ያበራያሉ። እማማ ጥሩ ግድግዳውን ተደግፈው በቁርበት ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ፈዟል።

«ማነሽ?»

«ወጊዋ ነኝ፣ እማማ ጥሩ።»

«ወጊዋ! አልሞትሽም? አሁን ደግሞ ማንን ልትወጊ መጣሽ?»

ፊታቸው በርከክ አልሁ። «ያኔ በለቅሶው ቀን የነገርሁዎ እውነት ሙሉ አልነበረም» አልኋቸው፤ እንደ ልማዴ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምን? ጮክ በይ፤ ጆሮዬ አይሰማም!»

በዕድሜዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርሁበትን ቀን አላስታውስም። አውድማው ላይ ያሉት ወደ እኛ ዞረዋል።

«ለትሁን የሰጠኋት ክትባት በእኔ እጅ በርዶ የሞተ ሊሆን ይችላል! ጥፋቱ የብርቄ ነው አይበሉ! የእኔ ሊሆን ይችላል!»

በሬ የሚነዳው ሰው ጅራፉን አወረደ። አሮጊቷ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጆሯቸውን ወደ እኔ አቀረቡ። ብርቄ እጇን አጣምራ ከጎኔ ቆማለች።

«አንድ ጊዜ ድገሚላቸው» አለችኝ።

ደገምሁላቸው።